ወደ መጠጥ ቤት ውሰጂው!

ዲኮር ሠሪዋ ምላሷ ከመቀሷ ይሰላል። የሰርግ አዳራሽ ስታስጌጥ መሰላል ላይ ቆማ ከላይ አበባ ትሰካለች፣ ከታች ያገኘችውን ሁሉ ትሳደባለች፤ የሚቀየማት ግን የለም። አንድ ቀን ታናሽ እህቷ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ፣ መሰላሉ ሥር መጥታ ቆመች። ሚዜዎቹ ከሚኳኳሉበት መስታወት ጎን ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግታ ኮንዶም ልታስቀምጥ፣ መመርመር ለሚፈልግም ቀጠሮ ልትሰጥ ፈልጋ ነበር።

«ሰርግ ላይ? አብደሻል እንዴ! እዚህ ጨዋ ከጨዋ ነው የሚተዋወቀው። ወደ መጠጥ ቤት ውሰጂው!»

«መጠጥ ቤት ያሉትማ ይጠነቀቃሉ። የማይጠነቀቀው ‹የጨዋ ልጅ ናት› ብሎ የተማመነው ነው።»

«ሂጂ ወዲያ! ልጄና ባሏስ እዚሁ አበባዬ ሥር አይደል የተያዩት?»

እውነቷን ነው። አማቿ መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ ሚዜ የጎደለው ሁሉ የሚጠራው ሰው ነበር። አሁን ልጇ ነፍሰ ጡር ናት። ዲኮር ሠሪዋም ከሰርግ በተረፈ ነጭ ሳቲን ለመጀመሪያ የልጅ ልጇ የአልጋ ልብስ እየሰፋች ነው። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ሳቲኑን ይዛ እንደተቀመጠች ልጇ ከእርግዝና ክትትል ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማዬ፣ ደሜ ውስጥ ቂጥኝ ተገኘ።»

እናትየው ያንን ቃል የምታውቀው ለስድብ ብቻ ነበር። «ሌላ ወንድ ነበረሽ?» የሚለው ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

«አንቺም?» አለች ልጅቱ እንባዋ እየወረደ። «ባሌም ልክ እንዲህ ነው ያለኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እናትየው ምላሷን ልትቆርጠው ደረሰች። ልጇን አቅፋ አብራት አለቀሰች፤ ወዲያው እህቷን አስጠራች። ነርሷ በሽታው በመርፌ እንደሚድን፣ በጊዜ ከታከሙ ፅንሱም እንደሚተርፍ ነገረቻቸው። ልጅቱ መርፌዋን ጀምራለች። ባልየው ካልታከመ ግን መልሶ ይይዛታል፣ ሕፃኑም አደጋ ላይ ይወድቃል። እሱ ደግሞ አልታከምም ብሏል።

ዲኮር ሠሪዋ አማቿ ወደሚሠራበት መስታወት ቤት ከነፈች። አንገቱን ደፍቶ መስታወት ይቆርጣል።

«እማዬ፣ ይመኑኝ፣» አለ ገና ሳትጠይቀው፣ «እኔ የመጠጥ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ከየት ይይዘኛል?»

«መጠጥ ቤቱን ተወውና፣ ከልጄ በፊት ሴት ነበረች?»

የያዘውን መስታወት አስቀመጠ። «ነበሩ።»

«የት ነው የተዋወቅካቸው?»

ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «ሰርግ ላይ። ሁሉንም ሰርግ ላይ ነው… እርስዎ ባስጌጡት አዳራሽ። የጨዋ ልጆች ነበሩ። ለምን እጠነቀቃለሁ?»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ መልሳም ገጠመችው። የሰማችው የገዛ ራሷን ንግግር ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እህቷ መሰላሉ ሥር ቆማ የለመነቻት ይህንኑ ነበር።

«ልጄ፣ ሁለታችንም ደንቆሮዎች ነን፣» አለችው። «ድንቁርና መርፌ የለውም፤ ያንተ በሽታ ግን አለው። ተነስ!»

«ሰው ቢያየኝስ?»

«አማቴን ላሳክም ነው በላ! እኔ ልታመምልህ።»

እየሳቀ እንባውን ጠርጎ ተነሳ። ታከመም። ሚስቱ ፊት ተንበርክኮ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርጌብሻለሁ፣ ማሪኝ» ሲላት እሺም እምቢም አላለችውም። ማኩረፉን ረጅም ጊዜ አኮረፈችው፤ እሱ ግን ለእያንዳንዱ መርፌዋ አብሯት ሄደ።

ሕፃኗ ተወለደች፤ ተመረመረች። ነርሷ ከክፍሉ ወጥታ «ጤነኛ ናት!» ስትል ዲኮር ሠሪዋ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጥበቃው «እናት፣ ሕመምተኛ አለ» ቢላትም አልሰማችውም።

ከዚያ በኋላ በመጣው ሰርግ መስታወቱ ጎን ጠረጴዛውን የዘረጋችው ራሷ ናት። ከሕፃኗ አልጋ የተረፈውን ሳቲን አለበሰችው፣ ከአበባዎቿም ምርጡን አስቀመጠችበት። የሙሽራዋ አክስት ኮንዶሙን ባየች ጊዜ ጮኸች።

«ኧረ በሕግ! ይሄ የጨዋ ሰርግ ነው! ወደ መጠጥ ቤት ውሰጂው!»

ዲኮር ሠሪዋ ከመሰላሉ ላይ ሆና ስድብ ልታወርድባት ስትል አማቿ ቀደማት። ሕፃኗን ታቅፎ ሚስቱ አጠገብ ቆሟል።

«እትዬ፣ እኔ መጠጥ ቤት ገብቼ አላውቅም» አላት። «የታመምኩት እንዲህ ባለ ሰርግ ላይ ነው። ይቺን ልጅ ያተረፋት መታከሜ ነው።»

ሚስቱ ክንዱን ያዘችው፤ ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ መጀመሪያዋ ነው። አክስትየዋ ሕፃኗን አየት አድርጋ ወደ መቀመጫዋ ተመለሰች።

ትንሽ ቆይቶ አንዷ ሚዜ ፀጉሯን የምታስተካክል መስላ ወደ መስታወቱ ተጠጋች፤ ከጠረጴዛው ኮንዶም አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዲኮር ሠሪዋ ከላይ ሆና አይታታለች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አበባዋን መሰካት ቀጠለች።