ሥራ አስኪያጁ ምንም አላሉም

ሴትዮዋ ግራ መጋባት የጀመረችው ገና ከተከሳሹ ወንበር ነው። የተከሰሰው ፋብሪካው ነው ስላሏት፣ ፋብሪካ እንዴት አድርጎ ይቀመጣል ስትል አደረች። ፍርድ ቤት ገብታ ብታይ በተከሳሹ ቦታ ያሉት ሥራ አስኪያጁና ጠበቃቸው ናቸው።

ታናሽ እህቷ በክር መፍተያው ማሽን ቀኝ እጇን አጥታለች። ፋብሪካው የማሽኑን የደህንነት መከለያ ያነሳችው በገዛ ፈቃዷ ነው ይላል። እህቷ ደግሞ፣ መከለያው ካለ ክር በተበጠሰ ቁጥር ማሽኑ እየቆመ ሥራ ይጓተታል ተብሎ፣ አንሱ ያሉን ሥራ አስኪያጁ ናቸው ትላለች። ትእዛዙ ሲሰጥ አብራት ትሠራ የነበረችው ታላቅየዋ ናት። ዛሬ እሷ ካልመሰከረች፣ ጥፋቱ በዚያች ምስኪን ላይ ተላክኮ ሊቀር ነው።

የእህቷ ጠበቃ ጠየቀቻት፦ «መከለያውን አንሱ ሲሉ ሰምተዋል?»

«ኧረ እኔ አልሰማሁም። ምንም አላሉም።»

ጠበቃዋ ፊቷ ዳመነ። ማዶ ያለው ጠበቃ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ሴትዮዋ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። ምን አጠፋሁ? እውነቱን አይደል እንዴ የተናገርኩት?

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁና በእርጋታ፣ «ካልተናገሩ ታዲያ እንዴት አወቃችሁ እናቴ?» አሏት።

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፤ በእጃቸው!»

በዚያ የማሽን ጩኸት ማን ማንን ይሰማል? ውሃ ጠማኝ፣ ክር አለቀ፣ አለቃ መጣ፣ ሐሜቱ ሳይቀር በእጅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። አሳዪን ሲሏት ግራ መዳፏን በቀኝ ጡጫዋ ላይ ከድና ብድግ አደረገችው። ማዶ ያለው ጠበቃ፣ ይሄማ ድስት መክፈትም ይሆናል አለ፤ ሰው ሳቀ።

እሷ አፍራ፣ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው በዓይኗ ፈለገች። ሥራ አስኪያጁም ከማሽን ሠራተኝነት ተነስተው ነው ለአለቅነት የበቁት። በሥራ ቦታዋ እንደምታደርገው ዞር ብላ በእጇ ጠየቀቻቸው፦ እንክደነው?

የሰውዬው መዳፍ በጡጫቸው ላይ አረፈና ብድግ አለ። አንሱት።

ከዚያ አየር ላይ ቀረ። የራሳቸውን እጅ እንደ እንግዳ አዩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምታለች፤ ለካ እጅም ባዳ ይሆናል።

ዳኛዋ የታየው ሁሉ እንዲመዘገብ፣ የምልክቱንም ትርጉም ሌሎች ሠራተኞች አንድ በአንድ ቀርበው እንዲያስረዱ አዘው ቀጠሮ ሰጡ።

ኮሪደሩ ላይ ሴትዮዋ የጠበቃዋን ክንድ ያዘች። «እና አሸነፍን? ወይስ አበላሸሁት?»

ጠበቃዋ ገና ነው፣ ግን ጥሩ ነው አለቻት። ገናና ጥሩ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ አልገባትም። እህቷ ግን «አይዞሽ እቴቴ» አለችና በቀረላት እጅ አንድ ጣቷን አየር ላይ አሽከረከረች፤ ማሽኑ መሥራት ጀምሯል ማለቷ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በአጠገባቸው አለፉ። «ደህና ዋሉ» አሉ በአፋቸው።

ድምፃቸውን ስትሰማ ያን ጊዜ ገና የመጀመሪያዋ ነው። ምን ብላ እንደምትመልስ ግራ ገብቷት፣ እጇ ግማሽ መንገድ ተነስቶ ቆመ።