አንድ ቆብ ትርፍ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከነጋ ጀምሮ ቤት ውስጥ እንጎራደዳለሁ። ሰው ሁሉ "አንቺው ያቋቋምሽው የዋና ማኅበር፣ ምን ያስፈራሻል?" ይለኛል። ያቋቋምኩትማ ስለፈራሁ ነው! ደፋር ብሆን ኖሮ የባሌ መቃብር ላይ አበባ አስቀምጬ ቤቴ እገባ ነበር።

ባሌ ፖሊስ ነበር። ወንዙ በሞላ ቀን አንዲት ሕፃን ወደቀችበት። ዳር የቆመው ሰው ሲጯጯህ እሱ ጫማውን አውልቆ ዘለለ፤ ልጅቷን ገፍቶ ገፍቶ ለሰው እጅ አደረሳት፤ እሱን ውሃው ወሰደው። ጀግና ነው አሉ፤ ፎቶውን ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፤ ንግግር አደረጉ። ዋና እንደማይችል ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እስካሁን ድረስ እናደድበታለሁ፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው የማይችለው ነገር ውስጥ ይዘላል?

እናም በስሙ የሰፈሩን ልጆች ዋና አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል፣ የሚያስተምረው የባሌ ባልደረባ የነበረው ሰውዬ ነው። ልጆቹ ቦርጩን አይተው "ጉማሬው" ይሉታል፤ እሱም ሳይወደው አልቀረም፣ ሲጠሩት ሆዱን ይነፋላቸዋል። የእኔ ሥራ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ቆብ መቁጠር ነው። ሁሉም የባሌ ስም የተጻፈበት ቢጫ ቆብ ያደርጋሉ፤ ውሃ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፣ ቁጥሩ ግን አይዋሽም። እኔም ዋና አልችልም፤ ቢሆንም ከጠርዙ ንቅንቅ አልልም።

የራሴን ልጅ ግን ውሃ አላስነካም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት እኔ ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ በሳፋ ውሃ እንኳ አላሳድርም። አሥር ዓመት የሞላት ልጅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች። "እማዬ፣ የሰው ልጅ ሁሉ በአባዬ ስም ይማራል፤ እኔስ?" ስትለኝ፣ "ውሃው ከእኛ ቤት የሚበቃውን ወስዷል" አልኳት። አኮረፈች። ታኩርፋ! ያኮረፈ ልጅ ይተነፍሳል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳውን በጥልቁ በኩል ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡበት ቀን ነበር። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው የነጋው። ጉማሬው ረጅሙን ዘንግ ይዞ ፊሽካውን ነፋ፤ ልጆቹ ተከታትለው ገቡ። ቆጠርኩ። አሥራ አምስት። ኤዲያ፣ አሥራ አራት ነው እንጂ! እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ አምስት። እኔ ዕድሜ ልኬን የምፈራው አንድ እንዳይጎድል ነበር፤ አንድ ሲተርፍ ምን እንደሚደረግ ማንም አልነገረኝም።

"አንተ፣ አንድ ልጅ ትርፍ አለ!" አልኩት።

ጉማሬው ዞሮም አላየኝ። ወደ አግዳሚው ዞርኩ። ፎጣው ተጣጥፎ ተደርድሯል፤ ልጄ የለችም።

"አንተ ሰውዬ! ምን ጉድ ነው የሠራኸኝ?"

"ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ እየመጣች ስትማር ከርማለች" አለ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል። "ለምና ለምና መውጫ አሳጣችኝ። የእሱን ልጅ እንዴት እምቢ ልበላት?"

"አውጣት! አሁኑኑ አውጣት!"

"እህቴ፣ አፈር ስሆን ስሟን እንዳትጠሪ። ድምፅሽን ከሰማች ትደነግጣለች፤ ከደነገጠች ውሃ ትጠጣለች።"

እኔን ነው ዝም በይ የሚለው! ስቆጣ ሦስተኛ ጎረቤት ድረስ የምሰማዋን ሴትዮ! መዳፌን አፌ ላይ ጫንኩ።

የትኛዋ እንደሆነች ወዲያው ለየኋት። ከሁሉም ኋላ ናት፤ ቀኝ ትከሻዋን እንደ አባቷ ዝቅ ታደርጋለች። መሃል ላይ ስትደርስ እጇ ዘገየ። ከዚያ ቆቡ ጠፋ። እግዚኦ! እሷ በነበረችበት ውሃ ላይ ምንም የለም። አንድ እግሬ ከጠርዙ አልፎ ነበር፤ ጉማሬው ክንዴን ለቀም አደረገኝ። "ቆይ" አለኝ። በሌላ እጁ ዘንጉን ዘረጋ።

ቆቡ ብቅ አለ። ልጄ በጀርባዋ ተንጋላ ተንሳፈፈች፤ አፏን ወደ ጣሪያው ከፍታ ትንፋሿን ሰበሰበች። ዘንጉ አጠገቧ ነበር፤ አልነካችውም። ተገለበጠችና ቀጠለች።

ግድግዳውን ስትነካ ንዴቴ ግንፍል አለ። ገንዳውን እየሮጥኩ ዞርኩ፤ በጥፊ ልላት ይሁን ላቅፋት እኔም አላውቅም። ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ፎጣ ጠቀለልኩባት።

"አንቺ ልጅ፣ ልትገድዪኝ ነው? አባትሽ አይበቃኝም? ከጓደኞችሽ እንዳታንሺ ብለሽ ነው?"

ራሷን ነቀነቀች።

"እና ለምንድን ነው?"

"አንቺ ሁልጊዜ ጠርዙ ላይ ነሽ" አለች። "ዋና አትችይም። ልጆቹን ጉማሬው ያወጣቸዋል። ግን አንዱ ሲሰምጥ ካየሽ እንደ አባዬ ትዘያለሽ። አንቺንስ ማን ያወጣሻል?"

ጉማሬው የያዘው ክንዴ ገና ያመኝ ነበር። አልዘልም ብዬ ልምልላት አፌን ከፈትኩ፤ መዋሸት አቃተኝ። እንባዬ ብቻ መጣ።

"አይዞሽ እማዬ" አለችና ፎጣውን መለሰችልኝ። "መመለሻው ይቀረናል። አንቺ ሂጂና ተቀመጪ።"

"እሺ" አልኳት። እሺ ከእኔ አፍ ሲወጣ ሰምቶ ጉማሬው ደንግጦ ዞረ። ሄጄ አግዳሚው ላይ፣ እሷ ቦታ ተቀመጥኩ። ልጄም ተመልሳ ገባች።