የእትዬ የሺ አህያ

መምህርት ዓቢዳ እትዬ የሺእመቤትን «ድምፅዎን ልቅረጽ» እያለች ስትለማመጥ አንድ ክረምት አለፈ። እሳቸው እቴ! ወልድያ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለችው የክርና የቁልፍ ሱቃቸው ተቀምጠው ለልብስ ሰፊዎች ዚፕ እየመረጡ፣ «ተዪኝ ልጄ፣ የኔ አፍ ለሱቁም አልሆነ» ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ የሺ ከማይጨው በሙሽርነት ወልድያ ሲገቡ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከአርባ ዓመት በላይ በአማርኛ ነግደዋል፣ በአማርኛ ተጣልተው በአማርኛ ታርቀዋል፣ ባላቸውንም በአማርኛ አልቅሰው ቀብረዋል። አነጋገራቸው ግን የተወለዱበትን አገር ጥሎ አልመጣም። ቀ ሲሉ ከጉሮሯቸው ጠለቅ ብሎ ነው የሚወጣው። ድሮ ይሄ የጎረቤት መጫወቻ ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ጨዋታው ቀረ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ፣ ቀስ በል ልጄ» ሲሉ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ዞሮ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። አያቸው፣ በቃ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ የሺ እንግዳ ሰው ባለበት አፋቸውን አይከፍቱም። ባጃጅ ሲሳፈሩ ልጃቸውን ኣዜብን ያስከትላሉ። መውረጃቸው ሲደርስ ጉልበቷን በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ፤ ኣዜብ «ወራጅ አለ» ትላለች። ጦርነቱ አበቃ፤ ይህቺ ነገር ግን አላበቃችም።

ዓቢዳ ይህን ሁሉ የምታውቀው ወልድያ ስትማር ሦስት ዓመት እሳቸው ግቢ ተከራይታ ስለኖረች ነው። የመርሳ ገበሬ ልጅ ናት። በረመዳን የማፍጠሪያ ቴምሯን ገዝተው የሚያስቀምጡላት እሳቸው ነበሩ። የእናቷ ናፍቆት ሲያስለቅሳት፣ «ኧረ በሞቴ! መርሳ እኮ እዚህችው ናት፤ አሜሪካ የሄድሽ አስመሰልሽው!» ይሏትና የአህያዋን ተረት ያወሩላታል። አህያዋ ከመርሳ ማንጎ ተጭና ወደ ወልድያ ገበያ ስትሄድ ሲሪንቃ ላይ ትቀመጥና «እምቢ!» ትላለች። ጌታዋ ይለምናታል፣ ይሰድባታል፣ እናቷን ጠርቶ ያስመክራታል። እሷ «እምቢ!» ብቻ። በመጨረሻ ግማሹን ማንጎ እሱ ተሸክሞ ጎን ለጎን ገበያ ይገባሉ። ተረት ከተባለ ይሄው ነው፤ እትዬ የሺ ሲያወሩት ግን ሆድ ይዞ ያስቃል።

አሁን ዓቢዳ መርሳ አጠገብ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ተማሪው ሰማንያ ሁለት፣ የንባብ መጽሐፉ ዘጠኝ። የቀረው በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል፣ ማገዶም ሆኗል። እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተረት የሚሠራበት ገጽ አገኘች፤ ሥዕል ይገባል፣ ከሥሩ ይጻፋል፣ በየሥዕሉ ድምፅ ይቀረጻል፣ ሲያልቅ ሊንክ ይሰጣል። ሊንኩን የነካ ሁሉ ያያል፣ ይሰማል። በራሷ ድምፅ አራት ተረት ሠራች። ልጆቹ አዛጉ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሱቃቸው ሄደች። የአህያዋን ተረት በዚያው ገጽ ላይ በአሥራ ሁለት ሥዕል አዘጋጅታ፣ ራሷ አንብባ አሰማቻቸው። እትዬ የሺ ሦስተኛው ሥዕል ላይ አላስችል አላቸው።

«ኧረ አህያዋን ገደልሻት! እምቢ እንዲህ ይባላል? አምጪው ወዲህ!»

ስልኩን ቀምተው ከመደርደሪያው ጀርባ ገቡ። አሥራ ሁለቱንም ሥዕል ያለ ማቋረጥ፣ በቀጥታ ገጹ ላይ ተረኩት። ዓቢዳ ሊንኩን በስልካቸው ላከችላቸው።

ሰኞ ክፍሏ ውስጥ የሆነውን ማየት ነበር! ሰማንያ ሁለቱም ልጅ «እምቢ!» ይላል፣ «ቀ» የምትለዋንም ፊደል እንደ እትዬ የሺ ከጉሮሮው ያወጣል፣ ወንበር ላይ ይዘላል። ዓቢዳ ጩኸቱን በቪዲዮ ቀርጻ ላከችላቸው። ኣዜብ ማታ ደወለች፤ እያለቀሰች ነው የምትስቀው። «ዛሬ ባጃጅ ውስጥ እማዬ ራሷ ወራጅ አለ ብላ ጮኸች! ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ!» ዓቢዳ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

አንድ ፕሮጀክት መጣና በድምፅ የተተረኩ ተረቶችን እናወዳድር አለ። የተመረጠው ለየትምህርት ቤቱ ይዳረሳል፣ ለሠራችው መምህርት ትምህርት ቤትም ሃያ ታብሌት ይሰጣል። ዓቢዳ አህያዋን ላከች። ውድድሩ የሚዘጋ ዕለት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከመራጭ ኮሚቴው አባላት አንዱ፣ አቶ አብርሃም ደወሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውም ለስላሳ ነው።

«መምህርት፣ ተረቱ ከሁሉም ይበልጣል። የተራኪዋ ድምፅ ብቻ... ታውቂያለሽ። እኔ በበኩሌ ምንም የለብኝም። ግን ወላጅ አንድ ነገር ቢልስ? አንቺው ብታነቢው ምን ይጎድልብሻል? እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለሽ።»

«ልጆቹ እኮ የወደዱት የእሳቸውን ድምፅ ነው» አለች ዓቢዳ።

«እሱማ ልክ ነሽ። እንግዲህ አንቺው እወቂበት።»

ያ «አንቺው እወቂበት» የሚሉት ነገር! ከለከልኩ አይባል፣ ፈቀድኩም አይባል። ዓቢዳ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። ሃያ ታብሌት። ዘጠኝ መጽሐፍ። «ለእሳቸው የሳቸው አለ፤ ስልካቸው ላይ ነው። ለኮሚቴው የኔ ይሂድ» ብላ አሰበች። አሰበች ነው የሚባለው? ራሷን ደለለች እንጂ።

ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አንጀቷን አሳረረው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያውን ሥዕል አንብባ ቀረጸች። ገጹ «የቀድሞው ድምፅ ይተካ?» ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። ሁለተኛው ላይም ጠየቃት። አዎ። አንድ ጊዜ ቢሆን እጇ ሳተ እንል ነበር፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ አሥራ ሁለት ጊዜ አዎ አለች።

ተመረጠች። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ስሟን ጠርተው አስጨበጨቡላት። ሁለት ቀን አልቆየም፣ ኣዜብ ደወለች።

«ዓቢዳ፣ የእማዬ ስልክ ተበላሸ መሰለኝ። ልብስ ሰፊዎቹን ሰብስባ አህያዋን ልታሰማ ከፈተችው፤ ያንቺ ድምፅ ወጣ። ሁለቴ ሦስቴ ከፈተችው፣ ያው ነው።»

ዓቢዳ ያኔ ገባት። ሊንክ ማለት በር ነው እንጂ ዕቃው አይደለም፤ ዕቃው የተቀመጠው ገጹ ላይ ነበር፣ ገጹ ላይ ያለውን ደግሞ በገዛ እጇ አጥፍታዋለች። ስልኳን በረበረች፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አሰሰች። የእትዬ የሺ ድምፅ የትም የለም። የቀረው የልጆቹ ጩኸት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ሄደች። ሲሪንቃን ስታልፍ በመስኮት ማየት አስጠላት። ሱቁ ስትደርስ እትዬ የሺ ተነሥተው ሳሟት፣ የእናቷን ጤና ጠየቁ፣ ወንበር ሰጧት። እንደ ድሮው ናቸው፤ ድምፃቸው ብቻ ዝቅ ብሏል።

«አንቺው ማንበብሽ ደግ አደረግሽ» አሉ። «አማርኛሽ ያማረ ነው። እኔስ አፌ አይሆንም ብዬሽ አልነበር?»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የበደልኩዎት። ወላሂ፣ የእርስዎ ድምፅ ስልክዎ ላይ ይቀራል ብዬ ነው። እንደገና እንቅረጸው። ታብሌቱም ይቅር፣ ለኮሚቴው እነግራቸዋለሁ።»

«ቀይሪው ያለሽ ሰው አለ?»

«አለ።»

«ምን አለሽ?»

ዓቢዳ አንገቷን ደፋች።

«ተዪው፣ አትንገሪኝ» አሉ እትዬ የሺ ክር እየጠቀለሉ። «የሰው አልደነቀኝም። ከአንቺ አፍ ግን አልጠበቅኩትም ነበር።»

ዓቢዳ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይኗን ጠረጉላትና፣ «ነይ፣ ቤት ምሳ ብዪ» አሏት። ኣዜብ ሱቁን ለመጠበቅ ቀረች። ሁለቱ ባጃጅ ያዙ። ውስጡ ሁለት ሰዎች ነበሩበት፤ ማንም ማንንም አያይም።

ባጃጁ ወደ ሰፈራቸው ታጠፈ። ዓቢዳ፣ «ራሳቸው ይበሉት» አለች በሆዷ። «ያ አላህ፣ አንድ ጊዜ ይበሉት።» የግቢው በር ከሩቅ ታየ። ቀረበ። እትዬ የሺ ፊት ለፊት እያዩ ነው። በሩን አለፉት።

ያን ጊዜ ጉልበቷን አንድ ጣት ነካ አደረጋት።

«ወራጅ አለ» አለች ዓቢዳ፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ።