ከዋልተር በስተቀኝ

ወደ መንደራችን ወደ ኔዘርኮት የሚሄድ አውቶቡስ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለው፤ ማክሰኞና ዓርብ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አራግፎን ይሄዳል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይለቅመናል። «ይለቅመናል» ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ ከእኔ በቀር ማንም አልተሳፈረም።

«እማማ፣ ባልዲ ይዘው ወዴት ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

«ባሌን ላጥብ።»

«እስካሁን ሳይታጠብ ቆየ?»

«ሦስት ዓመት ሆነው። አንተም ብትሆን ዛሬ የታጠብክ አትመስልም።»

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። በእኛ መንደር ግን ሆሳዕና ሲቃረብ ሰው ሁሉ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይወጣል። የሙታኑን ድንጋይ ያጥባል፣ አረንጓዴውን ሻጋታ ይፍቃል፣ ቢጫ አበባ ያስቀምጣል። ለራሱ ቦታ የመረጠ ሰው ደግሞ የራሱንም ያጸዳል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ቦታውን ለመቃብር ቆፋሪው ያሳያል፣ ቆፋሪው ነጭ ድንጋይ ያስቀምጥበታል፣ ይጨባበጣሉ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያችን መሬት የነካ ሰው ከማንም ጋር ቀና ብሎ አያወራም። እናቴም አያቴም የተቀበሩት እንዲሁ ነው።

የእኔ ነጭ ድንጋይ ከዋልተር በስተቀኝ ነው። ዋልተር ባሌ ነው፣ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በስተግራዬ ተኝቶ አንኮራፍቶብኛል፤ እዚያም ያው ቦታው እንዲሆን ነው። ከእኔ ድንጋይ ወዲያ የግቢው ግንብ ነው። ከግንቡ ሥር ደግሞ ልጃችን አለች። ሞታ ነው የተወለደችው። በዚያን ዘመን ያልተጠመቀ ልጅ ጸሎት አይደረግለትም፣ ድንጋይም አይቆምለትም። የዚያን ጊዜው ቆፋሪ በሳሙና ሳጥን አድርጎ ወሰዳትና ማንም ሳያይ ከግንቡ ሥር አኖራት። ቦታዋን የምናውቀው አራት ሰዎች ነበርን፦ ዋልተር፣ እኔ፣ ቆፋሪውና ልጁ ፐርሲ። ፐርሲ በኋላ የአባቱን አካፋ ወረሰ። ዋልተር ሲሞት እዚያ ይቆፈር ያልኩት ለዚህ ነው። እሱ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ፣ እኔ መካከል። በዕድሜዬ አንድ ቀን ሦስት ሆነን አልተኛንም።

ሦስት ሆሳዕና አመለጠኝ። በመጀመሪያው ዳሌዬ ተሰብሮ ሆስፒታል ነበርኩ። በሁለተኛው፣ አሁን በምኖርበት፣ ከተማ ባለው የአዛውንት ቤት በሚገፋ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። በሦስተኛው በረዶ ጣለና አውቶቡሱ ቀረ። ሰው ለምኜ ቦታዬን ማስጠረግ እችል ነበር። አልለመንኩም። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም።

ዘንድሮ ግን ምርኩዝ ይዤ መሄድ ቻልኩ። ከመውጣቴ በፊት ጄድ አቧራ ልታነሳ ገባች። ጄድ የአዛውንት ቤቱ ሠራተኛ ናት፤ በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ሁላችንንም «የኔ ፍቅር» ትለናለች።

«የኔ ፍቅር፣ ከሰዓቱ ጀርባ ያሉትን ፖስታዎች ልክፈትልዎ? አቧራ በላቸው እኮ።»

«አቧራ ከበላቸው ሆዱ ይሙላ። ተያቸው።»

ከአውቶቡስ ስወርድ መንደሩ ጭጭ ብሏል። ፖስታ ቤቱ «አሮጌው ፖስታ ቤት» የሚል ሰሌዳ ለጥፎ መኖሪያ ሆኗል። ትምህርት ቤቱም «አሮጌው ትምህርት ቤት»። እሱን እንኳ እኔ አልጠገብኩትም፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ አባቴ ላም እለቢ ብሎ አስወጣኝ። ያለብኩበት በረት ደግሞ «አሮጌው በረት» ተብሎ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። በየበሩ ጎን ተከራይ ቁጥር ነክቶ የሚከፍተው የቁልፍ ሳጥን አለ። ባለቤቶቹ ዓርብ ይመጣሉ፣ እሑድ ይሄዳሉ። የሚጨስ ጭስ ማውጫ ፈለግኩ፤ አንድ አየሁ፣ የፐርሲን። እኔም አንገቴ ላይ «አሮጊቷ ተርዛ» የሚል ሰሌዳ ባንጠለጥል የሚከራየኝ አላጣም ነበር።

ዳገቱን በምርኩዝ ወጣሁት። ዋልተርን ከሩቅ ለየሁት፤ ድንጋዩ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ እሱም ሲሄድ እንዲሁ ነበር። ከጎኑ ግን ሌላ ነገር አለ። ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ድንጋይ። ቀርቤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «ሩፐርት። ይህን ቦታ ይወድ ነበር።»

ነጩ ድንጋይ የለም።

ባልዲው ከእጄ ወድቆ ተንከባለለ። በሩ ሲንጫረር ሰማሁና ዞርኩ፤ አንዲት ሴት አበባ ይዛ መጣች። የእግሯ ቦት ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ባልዲዬን አንስታ ሰጠችኝ።

«ፊሊፓ እባላለሁ። አልረበሽኩዎትም? ለጉብኝት ነው የመጡት?»

ሰማንያ ሰባት ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ከእግራችን በታች በሚታየው በሁለተኛው ቤት ነው።

«አዎ» አልኩ። «ለጉብኝት።»

«ጥሩ ቀን መርጠዋል። ይኼ ባለቤቴ ነው፣ ሩፐርት። ከለንደን በመጣን ቁጥር እዚህ ጥግ መጥቶ ይቀመጥ ነበር። ነፋስ አይደርስበትም ይል ነበር።»

«እውነቱን ነው። አይደርስበትም።»

«ቅዳሜና እሑድ፣ ቅዳሜና እሑድ እያልን ስድስት ዓመት ነው የቆየነው። እሱ ግን የትውልድ ቦታው ያህል ነበር የወደደው።»

«ለመሆኑ ይህን ቦታ ማን ሰጣችሁ?»

«የቤተ ክርስቲያኑ አዲሷ ቄስ ናት። የማንም አለመሆኑን አጣርታ ነው።» ከዚያ ፈገግ አለች። «እዚህ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ ነበር፣ እንዴት እንደሚያምር! ወስጄ በራችን እንዳይዘጋ አስደገፍኩበት።»

አፌ መዝጊያ የለውም ይሉኛል፤ እውነት ነው። ለቄስም፣ ለባለ እርሻም፣ ለዋልተርም መልሼ አላውቅም አልልም። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። እሷ ግን ተንበርክካ ያረጀውን አበባ እየለቀመች በእጅጌዋ የድንጋዩን ፊት ጠረገችው፤ ፊቱ ላይ ፍርፋሪ የቀረበትን ባል እንደሚጠርጉት። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ አድርጌያለሁ። ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

«ሲቆፍሩ» አልኩ፣ «ምንም አላገኙም?»

«ምን ያገኛሉ?»

«ድንጋይ። እዚህ መሬቱ ድንጋያማ ነው።»

«እንጃ፣ እኔ አልነበርኩም» አለች።

ወርጄ የፐርሲን በር አንኳኳሁ። ሲከፍት ኮፍያውን አወለቀ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ለእኔ ግን ያው ንፍጣሙ ልጅ ነው።

«ተርዛ! ሞተሻል ብዬ ነበር እኮ!»

«ብሞት የት ልትቀብረኝ ኖሯል?»

መቀመጫ ሳይሰጠኝ ራሱ ተቀመጠ። ከዚያ ደንግጦ ተነሳና ወንበሩን ለእኔ ገፋው።

«አየሽው ማለት ነው።»

«አየሁት። ያበራል። ፊቴን አየሁበት።»

«ደብዳቤ ተላከልሽ እኮ፣ ተርዛ። አዲሷ ቄስ ሰባት ቤተ ክርስቲያን ነው የምትዞረው፣ የእኛን ወግ ከየት ታውቀዋለች? የድንጋዩን ነገር ነገርኳት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን በወረቀት ካልሆነ አላውቅም አለች። ቦታ ያለው ሁሉ ስሙን ጽፎ ይመልስ ብላ ላከች። ለአንቺ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው እኔም ቁራጭ ወረቀት ጨመርኩበት።»

«ፖስታው ቀለሙ ምን ነበር?»

«ምን አልሽ?»

«ፖስታው፣ ፐርሲ። ቀለሙ።»

የመንደር ልጅ ነው፣ ገባው። አፉን በመዳፉ ያዘ። «ቡናማ» አለ። «ወይኔ ተርዛ። ቡናማ ነበር። እንዴት አላሰብኩትም?»

ነጭ ፖስታ የሰው ነው፤ ሠርግ ወይም ልቅሶ ይነግራል። ቡናማ ፖስታ የመንግሥት ነው። አባቴ እግሩ የተቆረጠ ጊዜ ከእርሻው ቤት ያስወጣን ቡናማ ፖስታ ነው። ወንድሜን ወደ ጦርነት የጠራው ቡናማ ፖስታ ነው። በኔዘርኮት ቡናማ ፖስታ ሲመጣ ከሰዓቱ ጀርባ ይሰካል፤ የቤቱ ወንድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሆዱ ሲሞላና ልቡ ሲጠና ይከፍተዋል። ዋልተር ከሞተ በኋላ የመጡትን አልከፈትኩም። እነዚህ ሦስቱ ሲመጡ ያለችኝን አንዲት ክፍል ሊወስዱብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ካልከፈትኩት አይወስዱብኝም ያልኩ ይመስል።

«ያንተንስ ማን ከፈተልህ?»

«የእኔንማ ቄሷ በእጇ አመጣችልኝ። እዚሁ ነኛ።»

እዚሁ ነው። እሱ እዚሁ ስለቀረ ቦታ አለው።

«ልጅቷስ?» አልኩት።

ፐርሲ እሳቱን መነካካት ጀመረ። እሳቱ ምንም አልጎደለውም።

«ፐርሲ፣ ልጅቷስ?»

«እኔ አልቆፈርኩም። ወገቤን ካመመኝ ወዲህ ከከተማ ማሽን ይዘው ነው የሚመጡት። ከግንቡ ሁለት ክንድ ራቁ ብዬ ቆሜ ለመንኳቸው። ለምን አሉኝ። ምን ልበላቸው? የውኃ ቧንቧ አለ አልኳቸው።»

«ራቁ?»

«ክንድ ተኩል… ክንድ ተኩል ይሆናል።»

«ቀና ብለህ ንገረኝ።»

«ዞሬ ነበር፣ ተርዛ። ማሽኑ ሲወርድ ማየት አልቻልኩም።»

ሰዓቱ ስድስት አለፈ። ፐርሲ ዝምታ አይችልም፣ ከልጅነቱም አይችልም ነበር።

«አስከሬኑ የተቃጠለ ሰው አመድ ግን ትንሽ ጉድጓድ ነው የሚበቃው» አለ። «ከዋልተር ጋር ቢደረግ ቄሷ እሺ ትላለች።»

«ሰባ ዓመት ምድጃ ሳነድ ኖሬ አሁን ራሴ ልግባበት?»

«ለቅርበቱ ብዬ ነው እኮ።»

«ለማን ቅርበት? ዋልተርን በሞትኩ በነጋታው አገኘዋለሁ። ሩፐርትን ከእኔና ከልጄ መሐል ማን ያነሳልኛል? አንተ ታነሳዋለህ?»

«አላነሳም» አለ። እንባው ወረደ። «ማን ያነሳል?»

እኔ አላለቀስኩም። ተነሺና ውኃ ቅጂ አልኩ ለራሴ፤ እሱ ግን ባልዲውን ቀማኝ። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ባልዲ ይዘን ዳገቱን ወጣን፣ እየቆምንና እየተነፈስን። ፊሊፓ ሄዳለች። ዋልተርን አጠብኩት። ሦስት ዓመት የተጋገረ ሻጋታ ነው፣ ብሩሹ ግማሽ ጸጉሩን ጨረሰ። ስሙ ወጣ። ከስሙ በታች «እንዲሁም ሚስቱ» ይላል፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው፣ ልሙጥ። ዋልተር የሞተ ጊዜ ቀራጩን ለእኔ ቦታ ተው ብዬ ያስተውኩት ነው። ባዶውንም አጠብኩት። ከሌላው ሁሉ የጠራው እሱ ሆነ።

ከግንቡ ሥር ላጎነብስ ሞከርኩ። ዳሌዬ እምቢ አለ። ቢጫ አበባዬን ለፐርሲ ሰጠሁት።

«የት ላድርገው?» አለኝ።

የት እንደሆነ ከእኔ እኩል ያውቅ ነበር። አሁን ሁለታችንም አላወቅንም። ከግንቡ ላይ አስቀመጠውና ወረድን።

ወደ አውቶቡሱ ስሄድ «አሮጌው ፖስታ ቤት» በሩ ተከፍቶ ነበር። ነጩ ድንጋይ በሩን ደግፎ ይዟል። ታጥቦ ጸድቷል፤ ፊሊፓ ከእኔ ይልቅ በደንብ ነው የያዘችው። ፐርሲ ዐየኝ። «ላምጣልሽ?» አለ። «ወርውሬ ባጠፋውም ደስ ይለኛል።»

«የት አስቀምጠዋለሁ?» አልኩት።

አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ «እህ፣ ባልየው ጸዳ?» አለኝ። ጸዳ አልኩት።

ስመለስ ጄድን ጠርቼ ሰዓቱን እንድታነሳው አደረግሁ። ሦስቱም ቡናማ፣ ሦስቱም ላያቸው ላይ መስቀል ታትሞበታል። ለካ የመንግሥት አልነበሩም። አንዱን ቀደደችና አነበበችልኝ፤ ቄሷ እንደምን ሰነበቱ ብላ ነው የምትጀምረው። ሁለተኛውን አነበበች። «መልስ ካልደረሰን ቦታውን እንደተዉት እንቆጥራለን» ይላል።

«የምን ቦታ ነው፣ የኔ ፍቅር?» አለች።

«የመኝታ።»

ሦስተኛውን ልትቀድ ስትል ከእጇ ወሰድኩት። ወፈር ይላል፤ የፐርሲ ቁራጭ ወረቀት ታጥፋ በጣት ትታወቃለች። መልሼ ከሰዓቱ ጀርባ ሰካሁት። እሑድ ከምሳ በኋላ የሚከፍተው ሰው እዚያ ዳገቱ ላይ ነው፣ ከሩፐርት በስተግራ።