ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ሰዎች

ሐሙስ ማታ ምሕረቱ ከታናሽ ወንድሙ ከአቢሶ ጋር በስልክ ሲያወራ፣ በረዶው የሱቁ መስኮት ድረስ ደርሶ ነበር። ሱቁ ከሌሶቶ ድንበር አጠገብ፣ ተራራ ላይ ያለ መንደር ውስጥ ነው። ወንድማማቾቹ ከፊት እየሸጡ ከጀርባ እየተኙ አራት ክረምት አሳልፈውበታል፤ ቤታችን የሚሉትም እሱን ነው። ምሕረቱ ዕቃ ሊገዛ ጆሃንስበርግ ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው።

"ነገ በጠዋት እነሳለሁ፤ መንገዱ ሳይዘጋ እደርሳለሁ" አለው።

"ቶሎ ና ወንድምዓለም። ጣራው እያቃሰተ ነው" አለ አቢሶ እየሳቀ።

ዓርብ ጠዋት ምሕረቱ ካደረበት፣ ቤሪያ ሰፈር ካለው ፎቅ ቁልቁል ሲያይ፣ ከዱርንፎንቴን ጅምላ መደብሮች የገዛው ዕቃ የተጫነበት ባኪው፣ ፒክአፕ መኪናው፣ የለም።

"ደጉ ወስዶታል። ጎማው ተንፍሶ አይቶ፣ ላስጠግንለት ብሎ" አሉት ጋሼ አጵሎስ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ በዚህ ከተማ የአገሩ ልጅ ሲታሰርም ሲታመምም ሲሞትም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። "ስልክህንም ወዲህ በል፣ ቻርጅ ላድርግልህ።"

"ሰማንያ አለው እኮ ጋሼ።"

"ለሩቅ መንገድ ሰማንያ ምንድን ነው? አምጣ ልጄ።"

ሰጣቸው።

ባለቤታቸው ዲቦራ ሻይ ስትቀዳለት ዓይኑን አላየችም። አብሯቸው የሚኖረው ወጣቱ ደጉ ረፋዱ ላይ በእግሩ መጣ።

"መኪናዬስ?"

"ጎሚስታው ጋ ወረፋ ነው፣ ብራዘር። ምን ያጣድፍሃል? በረዶው ነጻ ፍሪጅ ነው እኮ የሰጠህ፣ ኮካህን ደጅ አስቀምጠህ..." ጋሼ አጵሎስ ሲያዩት ሳቁን ዋጠው።

ከዚያ ሰው ይመጣ ጀመር። ባለሱቁ ቲቶ ከሶዌቶ መጣ። ሌሎች ከቴምቢሳ መጡ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ታክሲ አድማው እያወሩ ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡ። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ያለ ባለሱቅ ቢታመም በፍርግርጉ በኩል እያሳለ ይሸጣል፤ ሌሊት ቢዘረፍም ጠዋት ይከፍታል። በሥራ ቀን ዘግቶ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

ምሕረቱ ይህን ያውቃል። እሱም ሌላውን ለማርዳት እንዲሁ ግድግዳ ተደግፎ ስለ ብርድ አውርቷል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ አገር ቤት ያለችው እናቱ፣ ወይ ወንድሙ። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ በልቡ ጸለየ። እናቴ ትሁን። አርጅታለች፣ ዕድሜ ጠግባለች፤ ጌታ ሆይ፣ እሷ ትሁን። አላፈረም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአክስቱ ልጅ የዓለምወርቅ ከፕሪቶሪያ ደርሳ አጠገቡ ስትቀመጥ፣ ጋሼ አጵሎስ ተነሡ።

"ልጄ፣ ሌሊት በረዶው የሱቁን ጣራ ጥሎታል። አቢሶን ጌታ ወስዶታል። ከተራራው ሥር ያለው ባለሱቅ ጠዋት ደውሎ ነገረን።"

ጮኸ፤ ያዙት። ራሱን ከግድግዳው ጋር እንዳያጋጭ ያዙት። ሲደክመው "ስልኬን" አለ። ፎቶውን ሊያይ ነበር። ዲቦራ ከመኝታ ቤት አመጣችለት። ጠፍቶ ነበር፤ ከፈተው።

ከአቢሶ የተላኩ የድምፅ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የመጀመሪያው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የተላከ ነው። ጣራው የወደቀው ሌሊት ነው።

"ወንድምዓለም፣ ጣራው ወረደልህ! ዱቄቱ ጥግ ነኝ፣ ጆንያው አተረፈኝ። እግሬ ተይዟል እንጂ ደህና ነኝ። ብጮኽ የሚሰማኝ የለም። አዲሱ ስልክ ላይ የማንም ቁጥር የለም፣ በቃሌ የማውቀው ያንተን ብቻ ነው። ለጎረቤታችን ለንታቴ ታቦ ደውልና በዱቄቱ በኩል ቆፍሩ በለው።"

ቀጥሎ "አንሳ እንጂ! ተኝተህ ነው?" ይላል።

ቀጥሎ "ምን አደረግኩህ?" ይላል።

የመጨረሻው የሰባት ሰዓቱ ነው። ቃል የለበትም፤ ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ ብቻ ይሰማል።

ምሕረቱ ለንታቴ ታቦ ደወለ። አቢሶ ሞቷል ስለተባለ መንደርተኛው ትራክተር እስኪመጣ እየጠበቀ ነበር። አሁን ግን አካፋውን ይዞ ሮጠ። ቤሪያ ያለው ቤት በሙሉ ተንበርክኮ ጸለየ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

"አገኘነው" አለ ንታቴ ታቦ። "ብብቱ ገና ይሞቃል። ግን በሕይወት የለም።"

በዚህኛው መርዶ ምሕረቱን የያዘው አልነበረም።

መኪናው ቀኑን ሙሉ ከጀርባ መንገድ ቆሞ ኖሯል፤ ጎማው ምንም አልሆነም። ሲያስነሳው ጋሼ አጵሎስ በሩን ከፍተው አጠገቡ ተቀመጡ። "ሐዘንተኛ ብቻውን አይሄድም" አሉ። ሲነጋ ተራራው ሥር ደረሱ። መንገዱ ተዘግቷል፤ ከዚህ በኋላ በእግር ነው።

በረዶው ጭን ድረስ ይውጣል። ምሕረቱ ከፊት ሄደ። ጋሼ አጵሎስ የቸርች ጫማቸውን እንዳደረጉ ተከተሉት፤ ወደቁ፣ ተነሡ፣ እንደገና ወደቁ።

"ልጄ፣ ቆየኝ! እግሬን አልሰማው አለኝ!"

ነፋስ አልነበረም። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ምሕረቱ! ልጄ!"

እግሩን ከበረዶው ነቀለ፤ ወደፊት ተከለው። ሌላውንም ነቀለ።