ድጋሚ እንዲያለቅሱ የጠየቀው እንግዳ

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ አስጎብኚው ደሬሳ አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ይዞ ከጅማ ወደ አጋሮ ወጣ። ያን ጊዜ ፈረንጅ ያለ አስጎብኚ ከከተማ አይወጣም ነበር። ሰውየው ዮሃን ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ገና ጊንጆ የሚባለውን ሰፈር ሳያልፉ ያየውን ሁሉ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። መንገድ ላይ አንዲት ቡና ለቃሚ የለቀቀችውን ቅርንጫፍ መልሳ እንድትይዝ አደረገ። ገበያ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ጥምጣም በገዛ እጁ አስተካከለ። ደሬሳ አልከለከለውም። አለቃው «እንግዳው ተቀይሞ እንዳይመለስ» ብለው አስጠንቅቀውታል።

አጋሮ ሊደርሱ ሲሉ መንገድ ዳር ዳስ ተጥሎ ሰው ተሰብስቧል። ዮሃን መኪናውን አስቆመ።

«ሠርግ ነው?»

«ለቅሶ ነው። እንለፍ።»

ዮሃን ወረደ።

ሟቹ ሀጂ ጠሃ የሚባሉ ቡና ነጋዴ ሲሆኑ የተቀበሩት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ዮሃን ዳሱን አቋርጦ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ቤት ገባ። ባለቤታቸው ሀጂራ ከሩቅ የመጣች እህታቸውን አቅፈው ያለቅሳሉ። ካሜራውን ፊታቸው ላይ ደቀነ። ሁለቴ እንዳነሳ ፊልሙ አለቀ። አውጥቶ ኪሱ ከተተና ሌላ እስኪያስገባ ለቅሶው ጋብ አለ።

«ድጋሚ እንዲያለቅሱ ንገራቸው» አለው ደሬሳን። «ወደ በሩ ጠጋ ቢሉ ደግሞ ብርሃን አለ።»



«ማል ጄዼ? ምንድን ነው የሚለው?» አሉ ሀጂራ።

ደሬሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድም ቃል ሳያጎድል ተረጎመላቸው። በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ ካሜራውን ሊቀማ ተንደረደረ።

«ተወው» አሉ ሀጂራ። «ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ነው። ይቀመጥ።»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ እንሂድ» አለ ደሬሳ።

«ለቅሶ ደርሶ ሳይቀመጥ የሚሄድ አለ እንዴ? ካሜራውን አንተ ያዝለት።»

ዮሃንን ዳሱ ውስጥ ከወንዶቹ መካከል ሰሌን ላይ አስቀመጡት።

«እስከ መቼ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ዱዓ እስኪደረግ።»

የሚመጣው ሰው ሁሉ እጁን እየጨበጠ «አላህ ያጽናህ» ይለዋል። መጀመሪያ ዘመድ አለመሆኑን ያስረዳ ነበር፤ በኋላ ተወው። ከሊሙ የመጡ አንድ አዛውንት አጠገቡ ተቀምጠው እጁን እንደያዙ ወሬ ጀመሩ፤ ደሬሳ ይተረጉምለታል። ልጃቸው ታሞ ሳለ ሀጂ ጠሃ የጫኑትን ቡና ከመኪናቸው አራግፈው ጅማ ሆስፒታል አድርሰውት ነበር።

«ልጁ ዳነ?» አለ ዮሃን።

«አልዳነም። ሬሳውንም ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው።»

ዮሃን ለደሬሳ ቀስ ብሎ፣ «ምን ልበላቸው?» አለው።

«ምንም። እጅህን አታስለቅቅ።»

አላስለቀቀም።

ዱዓው ሲያበቃ ተነስቶ ሀጂራ ዘንድ ሄደ፤ ይቅርታ ጠየቀ።

«ያነሳኝን ምን ያደርገዋል?» አሉ ሀጂራ።

ዮሃን ፊልሙን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ አስገቡት።

«በሉ ሂዱ፣ ሳይመሽባችሁ።»

መኪና ውስጥ ዮሃን ሰው ፎቶ ከማንሳቱ በፊት እንዴት እንደሚጠይቅ እንዲያስጠናው ደሬሳን ለመነው። በኦሮምኛም በአማርኛም አስጠናው። በማግስቱ ጅማ ገበያ አንዲትን ሸክላ ሻጭ በሁለቱም ቋንቋ ጠየቃት። በሁለቱም እንቢ አለችው። አመስግኖ ከእሷ አንድ ድስት ገዛ።