የአደጋ በር

«ፀዳለ! ወደዚያ እንዳትሄጂ! ወደ እኔ ነይ!»

ብርቅዬ ይህን ስትጮህ ጭሱ የጥጥ መዳመጫ ቤቱን ግማሽ ሸፍኖት ነበር። ከጥጥ ጋር የገባ ጠጠር የመዳመጫው መኪና ጥርስ ውስጥ እሳት ጫረና ክምሩ ተያያዘ። ብርቅዬና ሌሎቹ ሠራተኛ ሴቶች ሁሉ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሮጡ። የብርቅዬ ልጅ ፀዳለ ግን ከመኪናው ማዶ፣ ከኋላው በር አጠገብ ነበረች። እናቷ ስትጠራት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በእሳቱ ጎን አልፋ መጣች። ደጅ ስትደርስ የቀኝ ክንዷ ቆዳ ተልጦ ነበር።

መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሽማግሌው ዳልጮና ሌሎች ወንዶች እሳቱን በበርሜል ውሃና በአሸዋ አጠፉት። የመዳመጫው ኃላፊ ጓድ ብዙነህ ከቢሮው እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የተቃጠለውን ጥጥ አየ፤ ቀጥሎ የፀዳለን ክንድ።

«አንቺ ልጅ፣ የኋላው በር አጠገብሽ እያለ እሳት ውስጥ ምን ከተተሽ?»

«እማ ጠራችኝ።»

ብርቅዬ በልጇ ክንድ ላይ ውሃ እያፈሰሰች ቀና አለች። «አደጋ ወዳለበት በር ልላካት? እርስዎ ራስዎ በቀይ ቀለም አስጽፈውበት!»

«ምን ብዬ?»

«የአደጋ በር!»

ጽሑፉን ለሠራተኞቹ ያነበበችላቸው ብርቅዬ ራሷ ነበረች። ከሥራ በኋላ መሠረተ ትምህርት ትማራለች፤ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅማ አነበበችና በጋሞኛ ነገረቻቸው፤ ይህ በር ሰው ይጎዳል፣ አትለፉበት። ዳልጮ እንዲያውም «ኤሌክትሪክ ቀብረውበታል» ብሎ ጨመረበት። ሰው የማያልፍበት ቦታ ሲሆን ደግሞ ጥጥ የታጨቀበት ጆንያ ይከመርበት ጀመር።

ብዙነህ ራሱን ያዘ። «አደጋ ሲመጣ የምትወጡበት በር ማለት እኮ ነው!»

«ታዲያ እንደዚያ አይሉም?» አለ ዳልጮ። «የአንበሳ በር ቢሉኝ፣ አንበሳ ሲመጣ የማመልጥበት ነው ብዬ ዘው እላለሁ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ብርቅዬ አልሳቀችም። ልጇን ወደ እሳቱ የጠራቻት ራሷ ናት።

«ኑ፣ ከበሩ ላይ ጆንያውን አንሡ» አለ ብዙነህ ወደ ውስጥ እየመራቸው።

ሲነሣ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ታየ። ፀዳለ ወደዚያ ብትሮጥም ኖሮ የሚጠብቃት ይኸው ነበር።

«ቁልፉ የት ነው?» አለች ብርቅዬ።

«እኔ ኪስ ውስጥ» አለ ብዙነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆልፌው እንደነበር በድንጋጤ ረሳሁት። ቀድሞ በዚህ በር ጥጥ እየወጣ ገበያ ይሸጥ ነበር። የመንግሥት ጥጥ ነው፣ ብርቅዬ። ከጎደለ አሻጥረኛ ብለው የሚወስዱት እኔን ነው።»

አሻጥረኛ የሚለውን ቃል ማስተርጎም ያስፈለገው ሰው አልነበረም። ባለፈው ክረምት አንድ የሚዛን ሠራተኛ በዚያ ቃል ከዚሁ ግቢ ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም።

«በሩ ዳር እኔ ልቀመጥ» አለች ብርቅዬ። «ከጥጡ ላይ ጠጠር የምለቅመውን እዚያ ሆኜ እለቅማለሁ። የሚወጣ የሚገባውን አያለሁ። በሩ ግን አይቆለፍ።»

«ቢጎድልስ?»

«እማ፣ ተይ» አለች ፀዳለ፣ በደህናው እጇ የእናቷን ቀሚስ ይዛ። «በማርያም ተይ። ከወሰዱሽ እኔስ?»

ብርቅዬ የልጇን ክንድ አየች።

«ቢጎድል እኔን ይጠይቁ።»

«የበላይ ሲጠይቀኝ ስምሽን ነው የምሰጠው። እወቂው።»

«ይስጡ።»

ብዙነህ ሲያመነታ ቆይቶ ቁልፉን አወጣ። በሩ ሲገፋ አቧራውን አራግፎ ተከፈተ፤ የዓባያ ሐይቅ ነፋስ ገብቶ የቀረውን ጭስ ይዞት ወጣ። ብርቅዬ በርጩማዋን አምጥታ ደፉ መሃል ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ደግሞ ተነሣችና፣ በርጩማዋን ከመተላለፊያው ወደ ጎን ሳብ አደረገችው።